በፀጉር ያህል የላላ ቀለበት

ውብእሸትን አል ዐይን ከተማ ውስጥ በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት። ጋራዡና ብረታ ብረቱ ሁሉ በታጨቀበት በሰናዒያ ሠፈር፣ ለደንበኛውም ለጎረቤቱም እሱ «ሐበሺው» ነው። «ሐበሺው አለ?» ብለው ይገባሉ፣ «ሐበሺው ራሱ ይሥራልኝ» ብለው ይሄዳሉ። ስሜ እንዲህ ነው እያለ ማረሙን የተወው ገና በመጀመሪያው ዓመት ነበር፤ አሁን ስድስት ዓመት ሞልቶታል።

አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ናዝሬት ውስጥ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ቶርኖ የሚባለውን ብረት እያሽከረከረ የሚልጥ ማሽን ተማረ፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት ማሽኑ ፊት ቆሟል። ቆሟል ስል ቆሟል ማለቴ ነው፤ ቶርኖ ተቀምጠው አይሠሩበትም። ጠዋት የቆመ ሰው ለምሳ ትንሽ አረፍ ይላል፣ ከምሳ በኋላ እንደገና ይቆማል፣ ሥራ ጨርሶ አልጋው ላይ ሲጋደም እንኳ እግሩ የቆመ ይመስለዋል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ወገቡን በሰፊ የላስቲክ መቀነት ያስራል። ድካሙ ተኝተው የሚገላገሉት ዓይነት አይደለም፤ ጠዋትም ደክሞት ነው የሚነሳው።

የሚሠራው ነገር ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ማንንም የማይጠቅም ነገር ነው። የአል ዐይንና የአቡ ዳቢ ጎረምሶች አዲስ መኪና ገዝተው ሳምንት ሳይሞላው አንድ ጉድለት ያገኙበታል፤ ጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ፋብሪካው ስንት መሐንዲስ ቀጥሮ ያስገባውን ጎማ እነሱ ካላስወጡት ሞተን እንገኛለን ይላሉ። መኪናው ክንዱን አንፈራጦ እንደሚሄድ ጉልበተኛ ሰፋ ብሎ እንዲታይላቸው ነው። ለዚህም ጎማው በሚታሰርበት የመሃል ብረት፣ መካኒኮቻችን ሞዞ በሚሉትና በቸርኬው መካከል ወፍራም የአሉሚኒየም ቀለበት ይገባል። እነሱ ስፔሰር ይሉታል፤ ውብእሸት ቀለበት ነው የሚለው። ተዘጋጅቶ ከገበያ የሚመጣም አለ፤ ግን ጎረምሳው ጓደኛው ያሠራውን ዓይነት አይፈልግም። የራሱን ውፍረት፣ አንዳንዱም ጠርዙ ላይ ስሙ የተቀረጸበትን ይፈልጋል። ያን ጊዜ ወደ ሐበሺው ይመጣል።

ውብእሸት ነገሩን ይናቀው እንጂ ሥራውን ንቆ አያውቅም። ቀለበቱ መሃል ያለው ቀዳዳ ሞዞው ላይ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። በመዳፍ ሲገፉት አየር እያስወጣ፣ እየተግደረደረ መግባት አለበት። ያኔ የመኪናውን ክብደት ሞዞው ይሸከመዋል። ቀዳዳው ላላ ካለ ግን ክብደቱ እንዳለ ብሎኖቹ ላይ ይወድቃል፤ ብሎን ደግሞ ለማሰር ነው እንጂ ለመሸከም አልተሠራም። ይዋል ይደር እንጂ ይቆረጣል። ስለዚህ ውብእሸት ቀዳዳው በፀጉር ያህል የሰፋበትን ቀለበት የቁርጥራጭ ሣጥን ውስጥ ወርውሮ እንደ አዲስ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት የወርክሾፑ ባለቤት ሙባረክ ስንት ጊዜ ተቆጥቶታል።

ሚስቱ እማዋይሽ ከሱ አንድ ዓመት ቀድማ ነው የመጣችው። አል ሙዋይጂ ሠፈር ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ የሦስት ልጆች ሞግዚት ናት። ከሰናዒያ አል ሙዋይጂ በታክሲ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ይህቺን ሩብ ሰዓት ነው ባልና ሚስት ስድስት ዓመት ሙሉ ሊሻገሯት ያልቻሉት። እሷ የምትተኛው ከአሠሪዋ፣ ከማዳም ልጆች ጋር ነው፤ እሱ ከወርክሾፑ ጀርባ ባለች ክፍል ገፉር ከሚባል አብሮት የሚሠራ የፓኪስታን፣ የፔሻዋር ሰው ጋር ነው። የሚገናኙት ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እሱም ማዳም እንግዳ ከሌለባት፣ ካፊቴሪያ ውስጥ ነው። እጅ ለእጅ ለመያያዝ እንኳ እማዋይሽ ግራ ቀኝ ታያለች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልጅ የላቸውም። ሲከፋት «እኛ ተጋባን እንጂ አብረን አልኖርንም» ትላለች፤ ከዚያ ራሷ ትስቅበታለች።

እንግዲህ የአገራችን ሚሊኒየም ሊገባ አራት ወር ሲቀረው፣ የማዳም ሹፌር ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሊሄድ ሆነ። ማዳም እማዋይሽን «ባልሽ መንዳት ይችላል?» አለቻት። እማዋይሽ ጥያቄው እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ይችላል፣ መንጃ ፈቃድ አለው፣ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ እንዲያውም አይናገርም። ማዳም ተስማማች፤ በምትኩ እማዋይሽ ውሏን ለሁለት ዓመት እንድታድስ ጠየቀቻት። እማዋይሽ በዚያው ቀን ፈረመች። የሹፌሩ ክፍል ከግቢው በር አጠገብ ናት፤ የራሷ መታጠቢያ አላት፤ በሯ ከውስጥ ይቆለፋል። ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ የሁለቱ ልትሆን ነው። የቀረው ሙባረክ፣ የውብእሸት ካፊል፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ዋስ ማለት ነው፣ ሠራተኛዬን ለቅቄዋለሁ ብሎ መፈረሙ ብቻ ነበር። ሙባረክም አይከፋም፤ «እፈርማለሁ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ያለውን ሥራ ግን አጽዳልኝ» አለ።

ውብእሸት ያን ወር እንዴት እንደገፋው እሱ ነው የሚያውቀው። ስድስት ዓመት ችሎ የኖረው ሰውነቱ ሊገላገል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከዳው። ማሽኑን እያየ ስለ መኪና ወንበር ያስባል፤ ተቀምጦ መሥራት የሚሉት ነገር ምን ይመስል ይሆን እያለ። ከዚያ ደግሞ ስለዚያች ክፍል ያስባል። እማዋይሽ ጸጉሯን ፈትታ ስትተኛ አይቷት አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ረስቶታል።

አንድ ቀን ሐመድ የሚባል የአል ቃጣራ ሠፈር ልጅ መጣ። ነጭ ፓትሮል መኪና አለው። ዓርብ አቡ ዳቢ ከጓደኞቹ ጋር ሊሰባሰብ ነው፤ አራት ቀለበት፣ ሁለት ጣት ተኩል የሚወፍር፣ እስከ ረቡዕ። ውብእሸት ውፍረቱ በዛ አለው። ልጁ ሳቀ። ሙባረክ «ሥራለት» አለ።

ሦስቱ እንደ ሁልጊዜው ወጡ። አራተኛው ላይ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ደረሰ። የወርክሾፑ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ በዚያ ወር በዚያ ሰዓት ቆርቆሮው ሥር የቆመ ሰው ሐሳቡን አንድ ላይ ለማሰባሰብ ይቸገራል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ በክንዱ ጠረገው፤ በዚያች መሃል መቁረጫውን የምትገፋዋን እጀታ አንዲት ጭረት አሳለፋት። ማሽኑን አቁሞ ለካ። ሰፍቷል። በፀጉር ያህል ነው፣ ግን ሰፍቷል። ለመሞከሪያ በሚጠቀምበት ሞዞ ላይ ሲያስቀምጠው ሳይገፋው ገባለት፤ ሲነካው ቀጭ አለ። ድምፁን ሰምቶታል። ይህን እሱም አይክድም።

ሌላ አሉሚኒየም ነበር። እሱን አስሮ እንደ አዲስ መጀመር ማለት ግን ሦስት ሰዓት እንደገና መቆም ማለት ነው። ውብእሸት ወገቡን ይዞ አሉሚኒየሙን አየው፣ ቀለበቱን አየው። «ይሁን እስቲ፣ የብሎኑ ዳዶ ይይዘዋል» አለ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነው። ቀለበቱን ከሦስቱ ጋር ካርቶን ውስጥ ከተተው።

በማግስቱ መኪናው ላይ የገጠመው ገፉር ነው። ገፉር ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጢሙን በሒና የሚያቀላ ሰው ነው፤ ዳዶ ሲያጠብቅ ሦስት ዙር ይዞራል፣ በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ ቢስሚላህ ይላል። ውብእሸት አጠገቡ ቆሞ ሲዞር አየው። ተናገር ተናገር አለው፤ ግን አልተናገረም።

ሐሙስ ጠዋት የሐመድ ፓትሮል ከቴምር እርሻዎቹ ወጥቶ አሸዋማው መንገድ ላይ እንደደረሰ የግራ የኋላ ጎማው ወለቀ። መኪናው በጎኑ ተኛ። የልጁ ክንድ ተሰበረ፣ ግንባሩ ተሰፋ። ፍጥነት አልነበረውም እንጂ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሐመድ አባት ወርክሾፑ መጡ። ሠፈሩ ሁሉ «ሸይባ»፣ ሽማግሌው ማለት ነው፣ እያለ የሚጠራቸው፣ ቀጭን፣ ዱላ የያዙ ሰው ናቸው። ሙባረክ ገና ከመኪናቸው ሲወርዱ ሮጦ ትከሻቸውን ሳመ። ሽማግሌው ፖሊስም መካሰስም አልፈለጉም። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጃቸውን ለዚህ ያበቃው እጅ የማን እንደሆነ ማወቅ። ለሁለት የተሰነጠቀውን ቀለበት ከጨርቅ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ወደ ውብእሸት ዞሩ።

«ሃዛ ሹግላክ?» አሉት። ይህ የአንተ ሥራ ነው ወይ ማለታቸው ነው።

ውብእሸት አየው። የቀዳዳው ውስጥ አንድ ጎኑ ተወልውሎ እንደ መስታወት ያበራል። ሞዞው ላይ እየተንቀሳቀሰ ሲፋተግ ውሎ ነው። ይህን ማንበብ የሚችል ሰው እዚያ ቤት ውስጥ ከሱ በቀር የለም፤ ሌላው ሰው የሚያየው የተሰበረ ብረት ነው። ግን አልዋሸም። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ፣ «እህ» አለ።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉና «ሚስኪን» አሉት። ወደ ገፉር ዞሩ። «ማን ነው ያሰረው?» ገፉር ደረቱን ነፍቶ «አና» አለ፣ እኔ። የገፉርን ትከሻ ግን አልነኩትም። ለሙባረክ ፈጠን ያለ አረብኛ ተናግረው ወጡ።

ውብእሸት ማሽኑን ተደግፎ ቀረ። ሚስኪን ያሉት ቃል በኛም ቋንቋ ያው ስለሆነ ማንም እንዲተረጉምለት አላስፈለገውም። አዘኑልኝ አለ። አመንኩ፣ ይቅር አሉኝ፣ አለቀ።

ትንሽ ቆይቶ ወደ ክፍላቸው ሲገባ ገፉር ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፍቶ ልብስ ያጣጥፋል።

«ኤሽ ፊ፣ ገፉር?» አለው፣ ምን ሆነሃል።

«ካንስል» አለ ገፉር። ገልፍ የኖረ ሰው ይህን ቃል በሕልሙም ያውቀዋል፤ ኢቃማህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ ተሰርዟል፣ ወደ አገርህ ማለት ነው። ሸይባው «የዚህ ሥራ ጥፋተኛ በዚህ ከተማ አይኖርም» ብለዋል። ሙባረክ ወረቀቱን እሁድ ቢሮ ሲከፈት ያስገባል።

«አንተን?»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ አይደል። ሦስት ዙር ዞሬያለሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው ያሰርኩት» አለ። አላማረረም፤ ሸሚዝ እያጣጠፈ ነው የሚናገረው።

ውብእሸት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ነገሩ አልገባውም። እኔ ነኝ ብዬ ሳምን ገፉርን ምን ያደርጉታል? ዳዶውም ላልቶ ኖሯል ማለት ነው፤ ሽማግሌው ያወቁት ነገር ይኖራል እንጂ እንዲሁ አያደርጉም። ይህችን ሐሳብ አጥብቆ ያዛት። ደካማ ሐሳብ መሆኗን ቢያውቅም አልለቀቃትም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እማዋይሽ ካፊቴሪያው ውስጥ ስትገባ ፊቷ በርቶ ነበር። የሚለቀው ሹፌር ክፍሉን አሳይቷታል። አልጋው ሰፊ ነው፣ ኤሲው ትንሽ ይጮኻል ግን ይሠራል፣ መስኮቱ ወደ ሎሚው ዛፍ ነው። ወተት ያለው ሻይ ታዘዘ። ውብእሸት እስክትጨርስ ጠብቆ የሐሙሱን ነገር ነገራት፤ ማክሰኞ ያደረገውንም አልደበቃትም። እሷ ስትሰማ ቀለሟ ተለወጠ።

«ታዲያ ሽማግሌው ሲጠይቁህ ምን አልክ?»

«አዎ አልኳቸዋ።»

«አምነህ ዝም አሉህ?»

«ሚስኪን ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።»

እማዋይሽ ሻይዋን አስቀመጠች። «ቆይ ውቤ። አዎ ያልከው በምን ቋንቋ ነው?»

«በምን ቋንቋ ይባላል? አዎ አልኩ።»

«እስቲ አሁን በለኝ፣ እንዴት ነው ያልከው?»

ውብእሸት ትንፋሹን ሳብ አድርጎ «እህ» አለ።

እማዋይሽ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ሳቋ ስላላባራላት ባለ ካፊቴሪያው ዞሮ አያት። «ወይ ጉድ! ወይ የኔ ጌታ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እኔ እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ማዳም ልጆቹ በሉ ወይ ትለኛለች፣ እህ እላታለሁ። በሩን ዘጋሽው ትለኛለች፣ እህ እላታለሁ። በሦስተኛው ቀን አፍሳ ክሊኒክ ወሰደችኝ። አስም አለባት ብላ! ሐኪሙ ጀርባዬን ሲያዳምጥ ዋለ። የሚነፋውን መድኃኒት እስካሁን ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እነሱ እኮ አያውቁትም ውቤ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ የሚስብ ሰው የደነገጠ ወይም የታመመ ነው የሚመስላቸው።»

እሱም ትንሽ ሳቅ አለ። ከዚያ ሁለቱም እኩል አቆሙ።

«ደንግጬ መሰላቸው» አለ ውብእሸት።

እማዋይሽ ስኒዋን ወደ ጎን ገፋች።

«አላመንኩም ማለት ነው። ያንን የሰበረ ሌላ ሰው ነው ብለው፣ እኔን አይተው አዝነውልኝ ነው ወደ ገፉር የዞሩት።»

«አምነሃል» አለች እማዋይሽ ፈጠን ብላ። «ተጠየቅህ፣ አዎ አልክ። አረብ ካልገባው ያንተ ኃጢአት አይደለም። እግዜር እንደሆነ አማርኛ ያውቃል።»

«እግዜርማ ያውቃል። እሁድ የሚሄደው ግን ገፉር ነው።»

«ገፉር ልጆቹ አድገዋል፣ ራስህ ነህ የነገርከኝ። ዛሬ ባይሄድ ነገ ይሄዳል። እኔስ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ስትናደድ ትንሾካሾካለች። «ሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ። ለማን ብዬ የፈረምኩ ይመስልሃል? ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው። አንተ ብትባረር ተከትዬህ መሄድ አልችልም። ስወጣ አርባ አንድ ዓመት ይሆነኛል ውቤ። አርባ አንድ! ከዚያ ወዲያ ልጅ ከየት አመጣለሁ?»

የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው፤ ልክ በመሆኑም ውብእሸት ተናደደባት። «እኔ ነኝ የላላውን የሰጠሁት» አለ በመጨረሻ። «እያወቅኩ።»

«እንግዲህ ሂድና ንገራቸው» አለች ተነስታ። «ከነገርካቸው ግን እንዳትደውልልኝ። ድምፅህን መስማት አልፈልግም።» ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች። ውብእሸት ሁለቱን ስኒዎች እያየ ተቀመጠ፤ ባለ ካፊቴሪያው ጠረጴዛውን ሊጠርግ ሲመጣ ነው የተነሳው።

ቅዳሜ ጠዋት የተሰነጠቀውን ቀለበት በፌስታል ይዞ ወደ አል ቃጣራ ሄደ። ጀግንነት ተሰምቶት አልነበረም። እንዲያውም ታክሲው ውስጥ ሁለት ጊዜ «አዙረው» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ጠዋት ገፉር ከሶላት በኋላ አስራ ዘጠኝ ዓመት የሠራበትን የዳዶ መፍቻ በጨርቅ ሲወለውል ባያየው ኖሮ፣ ይል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሸይባው ከቴምር ዛፎቹ ሥር፣ ቦዩ አጠገብ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩት ወዲያው አወቁት። «ሐበሺ! ና፣ ሚስኪን፣ ተቀመጥ» ብለው ቴምር ገፉለት። አልተቀመጠም። ቀለበቱን አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። አረብኛው የወርክሾፕ አረብኛ ነው፣ በየመሃሉ ይሰበራል፤ ግን ለዚህ የሚበቃውን ያህል ቃል ከትናንት ጀምሮ በልቡ ሲያጠና ነበር።

«ሃዛ ሹግሊ» አለ። «ገፉር ማፊ ገልጣን። አና ገልጣን።» የኔ ሥራ ነው፤ ገፉር አላጠፋም፤ ያጠፋሁ እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ቴምሩን ከአፋቸው መለሱት። «ሐሙስ ዕለት ስጠይቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«ዝም አላልኩም። ነዓም ብያለሁ» አለ፤ አዎ ማለቱ ነው።

«አላልክም።»

«ብያለሁ» አለ ውብእሸት፤ ትንፋሹን ሳብ አድርጎም «እህ» አለላቸው። «ይህ በኛ አገር ነዓም ነው።»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩት። ራሳቸውም አንድ ጊዜ ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው ሞከሩት፤ አስሏቸው። ከዚያ ቀለበቱን አንስተው የቱ ጋ ነው ጥፋቱ አሉት። ውብእሸት የሚያበራውን ጎን አሳያቸው፤ በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። መላላቱን ሲሰጥ ያውቅ እንደነበር ጠየቁት። ያውቅ ነበር። ለምን እንዳደረገው ጠየቁት።

«ታዕባን» አለ። ደክሞኝ ነበር። ለአንድ የሰው ልጅ ክንድ መሰበር ይህ ምክንያት እንደማይሆን ሲናገረው ራሱ ሰማው። እንባው መጣ፤ ፊቱን ወደ ቦዩ አዞረ።

ሽማግሌው ቀለበቱን ምንጣፉ ላይ መለሱት። «በሰዎች ፊት ተናግሬያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ያጠፋው ይሄዳል ብያለሁ። ቃሌን አላጥፍም። ግን ዳግም ወደዚህ አገር እንዳትገባ የሚያግድ ነገር እንዳይጽፍብህ ለሙባረክ እነግረዋለሁ።» ቴምሩን በፌስታሉ ጠቅልለው ሰጡት። ሲሰናበቱት ሚስኪን አላሉትም።

እሁድ ቢሮ የገባው የውብእሸት ወረቀት ነው። ገፉር ሻንጣውን ሲያራግፍ «መጅኑን!» እያለ ጮኸበት፤ እብድ ነህ፣ እብድ። ከዚያ ሳይጠየቅ የውብእሸትን ልብስ ሁሉ አጥቦ አሰጣው። ሙባረክ ደግሞ ሁለቱንም ለአንድ ሳምንት አላናገራቸውም፤ እንዲህ ዓይነት ቶርኖ ሠራተኛ ከየት እንደሚያመጣ አሳስቦታል።

ውብእሸት እማዋይሽ ጋ አልደወለም። አትደውል ብላዋለች። ሁለት ሳምንት ገደማ ስልኩን ኪሱ ውስጥ እየደባበሰ የቀረውን ሥራ ሠራ፤ ለሚተካው ሰው ማሽኑን አጸዳ። ቅዳሜ ከአቡ ዳቢ ሊበርር፣ ዓርብ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ና» አለች እማዋይሽ።

«የት ልምጣ?»

«ቤት ና።»

ማዳም ልጆቹን ይዛ እህቷ ጋ አቡ ዳቢ ሄዳለች፤ እስከ መግሪብ፣ እስከ ማታው ሶላት፣ አትመለስም። የቀድሞው ሹፌር ሄዷል፤ አዲሱ እሁድ ነው የሚገባው። እማዋይሽ ማዳምን ለምና እስከዚያ ድረስ አስፈቅዳለች። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ሳትስመው አስገባችው።

ክፍሏ እንዳለችው ናት። ሰፊ አልጋ፣ የሚጮኽ ኤሲ፣ መስኮቱ ላይ የሎሚ ቅጠል። ውብእሸት መሃል ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየ። ሻንጣ ያላንጠለጠለ ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው ሲጠፋው ያስታውቃል።

«ተናድጄብሃለሁ» አለች እማዋይሽ።

«አውቃለሁ።»

«አሁንም አልበረደልኝም።»

«አውቃለሁ እማዋይ።»

«ጫማህን አውልቅ እስቲ። ምን እንደ እንግዳ ትገተራለህ? ውሃ ላምጣልህ።»

ወደ ትልቁ ቤት ወጥቤት ሄዳ ውሃ በበረዶ ይዛ ስትመለስ ውብእሸት ትራሱ ላይ በጎኑ ወድቆ ተኝቷል። አንደኛው ጫማው እግሩ ላይ ነው። ውሃውን አስቀምጣ ጠራችው፤ አልሰማም። ትከሻውን ልትነቀንቀው እጇን ዘርግታ ተወችው። ጫማውን አወለቀችለት፣ መቀነቱን ፈታችለት። ለዛሬ ብሎ የለበሰው ሸሚዝ ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። የልጆቹን ልብስ የምትሰፋበትን መርፌና ክር አምጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እንዳይነቃ ቀስ እያለች ሰፋችው።

ሲነቃ መስኮቱ ቀልቷል። ተስፈንጥሮ ተቀመጠ። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ማዳም ደውላለች፤ መንገድ ላይ ናቸው።»

«ከመጣሁ ጀምሮ ተኝቼ? እማዋይ! ምነው ሳትቀሰቅሺኝ? ያለችን እኮ ይቺው ቀን ነበረች!» ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

እማዋይሽ የተረፈውን ክር በጥርሷ በጠሰች። ዓይኗ አብጧል፤ ግን ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው።

«ምን ብዬ ልቀስቅስህ?» አለች። «ባሌ ከሥራ ደክሞት ገባ፣ ተኛ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሸሚዙን ሰፋሁ። ሌላ ምን ነበር የፈለግኩት?»

የግቢው በር ላይ የማዳም መኪና ጥሩንባ ነፋ። እማዋይሽ መርፌውን ቀሚሷ ላይ ሰክታ ልትከፍት ተነሳች።